ዜማ ጉልበት ይሆናል

ወሩ ታኅሣሥ ነው እንበል። ቦታው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ያለ አንድ አውድማ ነው። ጤፉ ተበትኗል። በሬዎቹ በላዩ ይዞራሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጠዋት ጀምሮ የቆሙት ሰዎች ክንዳቸው ዝሏል። መንሹ ከብዷቸዋል። አንዱ ጥላ ፈልጎ ቁጭ ይላል። ሌላው ውሃ ይጠይቃል። ሥራው ገና ግማሽ አልደረሰም።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስንኝ ያወርዳል። ሌሎቹ ይቀበሉታል። አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ይቀበሉታል። የተቀመጠው ሰው ሳያስበው ይነሣል። መንሾቹ አንድ ላይ ከፍ፣ አንድ ላይ ዝቅ ይላሉ። በሬዎቹ እንኳ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ፀሐዩ አልበረደም፤ ጤፉም አልቀነሰም። የተለወጠው ሰዉ ነው።

እናንተ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬዎች ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ፊደል ሳትቆጥሩ በፊት የተማራችሁት ነው። ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዘፈን እህል አይደለም፤ አይበላም። ጠላ አይደለም፤ አይጠጣም። ታዲያ የደከመውን ሰው እንዴት አድርጎ ያስነሣዋል? ዛሬ የምንጨዋወተው በዚህ ጉዳይ ነው።

አንድ ስንኝ ሃያ ክንድ ያነሣል

ደቦ የወጣ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ሃያ ሰው በየራሱ ጊዜ ቢቆፍር ሃያ ሰው ብቻ ነው። ሃያው ሰው በአንድ ዜማ ሲቆፍር ግን ሥራው ከሃያ ሰው ሥራ ይበልጣል። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ዜማው ለሁሉም አንድ ምት ይሰጣል። አንዱ ሲያነሣ ሁሉም ያነሣል፤ አንዱ ሲመታ ሁሉም ይመታል። ተቀባዩ ስንኙን ለመቀበል ትንፋሹን በልክ ይስባል፤ በልክ ያወጣል። ትንፋሹ የተስተካከለ ሰው ደግሞ ቶሎ አይደክመውም።

ሁለተኛ ነገር አለ። አውራጁ የሰነፈውን በስሙ አይሰድበውም። የበረታውን ግን ያወድሰዋል። የተመሰገነው ይብሳል፤ ያልተመሰገነው ደግሞ ለመመስገን ይተጋል። ቁጣና ዱላ ያላስነሡትን ሰው አንድ ጥሩ ስንኝ ሲያስነሣው ስንት ጊዜ አይተናል!

የዛሬ ሊቃውንትም ይህንኑ በፈተና አይተውታል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጀልባ ቀዛፊዎችን ፈተኑ። ቀዛፊዎቹ አንድ ቀን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቀዘፉ። ሌላ ቀን አንድ ላይ፣ በአንድ ምት ቀዘፉ። ሥራው ያው ነው፤ ላቡም ያው ነው። ከሥራው በኋላ ሕመምን የመቻል ኃይላቸው ሲለካ አንድ ላይ የቀዘፉበት ቀን በልጦ ተገኘ። አያችሁ? ሰው ከሰው ጋር በአንድ ምት ሲሠራ ሰውነቱ ራሱ ይበረታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳይለኩት ያወቁት ነገር ነው።

ከጉና ብርድ እስከ በሽሎ ቆላ

በአገራችሁ ዜማ የሌለበት ሥራና ዕድሜ የለም። እስኪ አንድ በአንድ እንቁጠር።

ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ በጀርባዋ አዝላ እሹሩሩ ትለዋለች። ሕፃኑ ቃሉን አያውቀውም። ግን ድምፁ «ብቻህን አይደለህም» ይለዋል፤ ዝም ይላል። ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ የሚሰማው ትምህርት ይኸው ነው።

ልጁ አድጎ ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ያነሣል። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ አራት የጣት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። ጉና ተራራ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ብርድ ከብት የሚጠብቅ እረኛ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ላያይ ይችላል። ዋሽንቱ ግን ማዶ ካለው እረኛ ጋር ያነጋግረዋል። አንዱ ይነፋል፤ ሌላው ከማዶ ይመልሳል። መካከል ላይ ገደል አለ፤ ድምፅ ግን ገደል አያግደውም።

እናቶች ደግሞ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር። ሌሊት፣ ሁሉም በተኛበት ሰዓት፣ ወፍጮው እየጮኸ የልባቸውን ይናገሩ ነበር። ለባል የማይነገረው፣ ለአማት የማይነገረው በእንጉርጉሮ ይወጣ ነበር። የሞተር ወፍጮ በመጣበት ሁሉ ያ ድካም ቀርቷል፤ መቅረቱም መልካም ነው። ከድካሙ ጋር እንጉርጉሮውም አብሮ እንዳይቀር ግን ማሰብ ያስፈልጋል። እንጉርጉሮው የእናቶቻችን መጽሐፍ ነበርና።

በሠርግ ይዘፈናል። በቡሄ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ይጨፍራሉ። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባ ይዘው ይዘፍናሉ። ሰው ሲሞት አስለቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾ ኀዘን መጨመሪያ የሚመስለው ሰው አለ። እንደዚያ አይደለም። ኀዘንተኛው ብቻውን ቢቀመጥ ኀዘኑ በውስጡ ይቆለፍበታል። አስለቃሿ የሟቹን ሥራ እያነሣች ስትገጥም ግን ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ያለቅሳል። ሸክሙን ተካፈሉለት ማለት ነው። ደቦ ለእርሻ ብቻ አይደለም፤ ለእንባም ደቦ አለ።

ቤተልሔምና ዙር አባ

አሁን ደግሞ ከእርሻ ወጥተን ወደ ቤተ ክህነት ጎራ እንበል። ብዙዎቻችሁ በአጠገባችሁ ያለውን ነገር ዋጋውን ላታውቁት ትችላላችሁ። የጋይንት ቤተልሔም በመላው ኢትዮጵያ የድጓ ምስክር ቤት ተብላ የታወቀች ናት። ምስክር ቤት ማለት ተማሪው ዜማውን ጠንቅቆ ማወቁ የሚመሰከርበት የመጨረሻው ትምህርት ቤት ነው። ዙር አባም በዚሁ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ያለ፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ትምህርት ምስክር ቤት የሆነ ቦታ ነው። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ የመጡ የቆሎ ተማሪዎች በእናንተ ደጅ «በእንተ ስሟ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው ተምረዋል። ቁራሹን የሰጣችሁ እናቶች ለዜማ ትምህርት ቤት ቀለብ ሰፍራችኋል ማለት ነው።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የኖረ ሊቅ ነው። ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመሥጦ ይሰማ ነበር። በእጁ የያዘው ጦር ወርዶ የያሬድን እግር ወጋው። ንጉሡ መውጋቱን አላወቀም፤ ያሬድም መወጋቱን አልተሰማውም ይባላል። ሁለቱም ያወቁት ዜማው ሲያበቃ ነው። ከላይ የቀዛፊዎቹን ነገር ያነበበ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ብዙ አይገርመውም።

ዜማ በአንድ ሃይማኖት አጥር ውስጥም አይቀመጥም። ከበሽሎ ማዶ በወሎ እስላም ወገኖቻችን መንዙማ ያዜማሉ። አንዱ አውርዶ ብዙው ይቀበላል፤ ልክ እንደ ደቦው። ከአራቱ የታወቁ የዘፈን ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። የጎንደር አዝማሪ ግን በባቲም በአምባሰልም ይጫወታል። ዜማ ሲሻገር ማንም ኬላ አላቆመውም።

ጠላት የፈራው ማሲንቆ

ስለ ዜማ ተናግረን ስለ አዝማሪ ዝም ብንል ግፍ ይሆንብናል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ሳጥኑ ከእንጨት ተሠርቶ ቆዳ ይለብሳል። ጭራው ከፈረስ ጅራት ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። በዚህች በአንዲት ጭራ አዝማሪው ያስቃል፣ ያስለቅሳል፣ ያስፎክራል።

የአዝማሪው ሥራ መዝፈን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በግብዣ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይለዋል። ግጥሙን የሚሰጠው ሰውዬው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያሰማዋል። ስለዚህ አዝማሪ የሕዝብ አፍ ነው። በድሮ ዘመን ገበሬው በባላባቱ ፊት ሊናገር የማይችለውን ነገር በሰምና ወርቅ ሸፍኖ በአዝማሪ አፍ ይናገረው ነበር።

ይህን ኃይል ጠላትም አውቆታል። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ፣ ግራዚያኒ በመጋቢት 1929 ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። እስኪ አስቡት! አውሮፕላን፣ መድፍና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር አንዲት የፈረስ ጭራ ያላትን ማሲንቆ ፈራ። ስለምን ፈራ? አዝማሪው ከገበያ ገበያ፣ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር ወሬ ይዞ ይዞራል። የአርበኛውን ጀግንነት ይነግራል። የከዳውን ያሳፍራል። የፈራውን ልብ ይሰጠዋል። ይህ ለወራሪ ከጥይት አያንስም።

ከወረራው አስቀድሞ በ1927 አዲስ አበባ ላይ የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ሕዝቡ የሚነቃቃው በንግግር ብቻ አልነበረም። በዘፈንና በሽለላም ነበር። ያ ማኅበር በኋላ የአገር ፍቅር ቲያትር ሆኖ ብዙ ዘፋኞችን አፍርቷል።

ታዲያ ይህን ያህል የሠራውን ሰው እኛ ምን ብለን ጠራነው? ዘፈኑን ወደድን፤ ዘፋኙን ናቅን። በሠርጋችን ቀን «ና ተጫወትልን» አልነው፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም አልን። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን እንደናቅን አዝማሪውንም ናቅነው። ማሰሮዋን እየተጠቀሙ ሠሪዋን መናቅ፣ ዜማውን እየሰሙ አዝማሪውን መናቅ ትክክል ነው ወይ? መልሱን ለህሊናችሁ ትተነዋል።

በራብ መካከል የተሰማ ዜማ

«ይህ ሁሉ የጥጋብ ጊዜ ነገር ነው፤ የተራበ ሰው ምን ይዘፍናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእናንተ አገር ራብን ያውቃልና ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

በሩሲያ ሌኒንግራድ የሚባል ትልቅ ከተማ ነበር። ዛሬ ስሙ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር ከተማውን ከበበው። ከበባው ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። እህል መግቢያ አጣ። በ1934 ዓ.ም. ክረምታቸው የብዙው ሰው የቀን ድርሻ 125 ግራም ዳቦ ብቻ ሆነ። ይህ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ነው። እጅግ ብዙ ሕዝብ በራብ አለቀ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 3 ቀን በከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ ሙዚቃ ተሰማ። ድርሰቱ የድሚትሪ ሾስታኮቪች ነው። ብዙ ሰው በብዙ ዓይነት መሣሪያ በአንድነት የሚጫወተው ረጅም ሙዚቃ ነው። ከከተማው ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ሞተዋል። የቀሩት ከራብ የተነሣ መለከት ለመንፋት ትንፋሽ አጥሯቸዋል። መሣሪያ መጫወት የሚችሉ ወታደሮች ከጦር ግንባር ተጠርተው መጡ። አጥንታቸው የወጣ ሰዎች ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ድምፁ በድምፅ ማጉያ ለከተማው ሕዝብና ለከበባቸው ጠላትም ተሰማ። ጠላት «አልቀዋል» ብሎ የጠበቃቸው ሰዎች «አለን» አሉት። ሙዚቃው ዳቦ አልሆነላቸውም። ግን ዳቦ እስኪመጣ ድረስ ሰው ሆነው የሚቆዩበትን ልብ ሰጣቸው።

በእኛም ላይ በ1977 ክፉ ቀን መጣ። ሽማግሌዎቻችሁ ያስታውሱታል። በዚያ ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በእንግሊዝ አገር በለንደን፣ በአሜሪካ ደግሞ በፊላደልፊያ የዓለም ታላላቅ ዘፋኞች ለተራበው የኢትዮጵያ ሕዝብ ዘፈኑ። ዘፈኑ በቴሌቪዥን በብዙ አገሮች ታየ። ኢትዮጵያ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ሳይቀር ኪሱን ፈታ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙ ተከራክረውበታል። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። አይተውን የማያውቁ ሰዎች ልባቸው ወደ እኛ የተሳበው በዜማ ጭምር ነው።

ዜማ ሲጣመም

ወዳጆቻችን ሆይ፣ እሳት ያበስላል፤ እሳት ቤት ያቃጥላል። ዜማም እንደዚሁ ነው። ልብ የሚሰጥ ነገር ለክፉም ልብ ይሰጣል።

ይህን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ደም ያለበት ሰው በግብዣ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌ ገብቶ ሊያስታርቅ ቀጠሮ ይዟል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ይሸልላል፤ ይፎክራል። ያልተመለሰ ደም በስንኝ ይነሣል። ሴቶች እልል ይላሉ። የሰውዬው ደም ይፈላል። ማታ ላይ ከሁለት ቤት ሬሳ ይወጣል። ልጆች ያለ አባት ይቀራሉ፤ እርሻው ጾም ያድራል። ያን ቀን የገደለው ጥይት ብቻ ነውን? ስንኙም እጁ አለበት።

እንግዲህ ሽለላና ቀረርቶ ይቅር አንልም። አባቶቻችን ለአገራቸው የቆሙበት ነው። ነገር ግን ሽላዩ በማን ላይ እንደሚሸልል ይወቅ። በእርሻው አረም ላይ፣ በድንጋያማው መሬት ላይ፣ በሚሸረሸረው ዳገት ላይ ይሸልል። እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተከል፣ መንገድ ሲጠረግ ይፎክር። በወንድሙ ላይ ግን አይፎክር። አውራጅ የሆነ ሰው የሰውን ልብ በእጁ ይዟልና ኃላፊነት አለበት።

ደብተራችሁን አውጡ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ይህን ጋዜጣ የምታነቡት ፊደል ስለ ቆጠራችሁ ነው። አንድ ጊዜ ፊደል ከያዛችሁ ስማችሁን ለመፈረም፣ ደረሰኝ ለማንበብ፣ ለልጃችሁ ደብዳቤ ለመጻፍ ትጠቀሙበታላችሁ። ከዚህ ሌላ አንድ ሥራ አለ።

በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የድጓን ምልክት እንደሠሩ ይነገራል። ምልክት ማለት ከቃሉ በላይ የሚጻፍ፣ ዜማው የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚያሳይ ጽሕፈት ነው። ሊቃውንቱ ሰው እንደሚሞት አወቁ። ዜማው ከሰው ጋር እንዳይሞት በብራና ላይ አኖሩት። የቤተልሔም ትምህርት እስከ ዛሬ የደረሰው በመምህራኑ አፍና በዚያ ጽሕፈት ነው።

የአውድማውን ዜማ ግን የጻፈው ማን ነው? የወፍጮውን እንጉርጉሮ የመዘገበው ማን ነው? የአጨዳውን፣ የአረሙን፣ የሙሾውን ስንኝ የያዘ ደብተር በየቤታችሁ አለን? የለም። በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ራስ ውስጥ ነው ያለው። ወጣቱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ከተማ ይሄዳል። የቀረውም ሞባይሉን ጆሮው ላይ አድርጎ የሩቅ ሰው ዘፈን ይሰማል። መስማቱ ክፋት የለውም። ግን ሞባይሉ ለእርሱ ይዘፍንለታል እንጂ እርሱን አያዘፍነውም። በደቦ ላይ አውራጅ የሚሆን ሰው ሲጠፋ ደቦው ራሱ ይላላል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። በሚመጣው እሑድ አያታችሁን ወይም ጎረቤት ያሉትን ባልቴት ቡና አፍልታችሁ «እማማ፣ በልጅነትዎ ሲፈጩ ምን ይሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መጀመሪያ ያፍራሉ። ይስቃሉ። «እንዴት ያለ ነገር ትጠይቀኛለህ?» ይላሉ። ታገሡ። አንዱን ሲያነሡ ሌላው ይከተላል። የነገሯችሁን ቃል በቃል ጻፉት፤ አታሳምሩት። የነገረችው ማን እንደሆነች፣ በምን ሥራ ላይ እንደሚባልና የተጻፈበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ሞባይል ያላችሁ ድምፁንም ቅዱ። ፊደላችሁ ጥሩ ባይሆን አትፈሩ። የተጣመመ ፊደል ይነበባል፤ የተቀበረ ስንኝ ግን አይነበብም።

በሠፈራችሁ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ካለ አክብሩት። ሠርግ ላይ ሲመጣ ከደጅ አታስቀምጡት። ልጁ የአባቱን ሙያ ቢማር እንዳይስቁበት ልጆቻችሁን ምከሩ። አዝማሪ የሠፈሩ ደብተር ነውና።

በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ ለብቻችሁ አንብባችሁ አታጥፉት። ማንበብ ላልቻለው ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በሠፈራችን በደቦ ጊዜ ከሚባሉት ዜማዎች ስንቱን እናውቃለን? ስንቱስ ጠፍቷል?

2. ከመካከላችን ጥሩ አውራጅ የነበረው ማን ነው? ከእርሱ የተማረ ወጣት አለ ወይ?

3. በሠፈራችን ሰው ያጋጨ ሽለላ ነበር ወይ? በእርቅ ቀን የሚባል ዜማስ እናውቃለን?

ታኅሣሥ ሲመጣ አውድማው ይለቀለቃል፤ ነዶውም ይወርዳል። ፀሐዩም እንደ ዘንድሮው አናት ይበሳል። ክንድ ሲዝል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወርድ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከእናንተ መካከል ይሁን።